ኔት ሲጠፋ ሳይናገር የሚፈርም ፕሮግራም፦ የ14 ወር ልምድ ከጎንደር

የማጓጓዣ ውል፣ ፕሮፎርማና የርክክብ ሰነድ በዲጂታል ፊርማ ለመፈረም የተገዛው ፕሮግራም 14 ወር ሞላው። በ12ኛው ወር ላይ የፊርማ ሰርተፊኬቱ፣ ማለትም የፈራሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል መታወቂያ፣ ጊዜው አልፎ በአዲስ ተተካ። ከዚያ ወዲህ የቆዩት ውሎች ሲከፈቱ ገሚሶቹ አረንጓዴ ምልክታቸውን እንደያዙ ናቸው፤ ገሚሶቹ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ፈራሚው ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው፣ ሰርተፊኬቱም ያው ነበር።

ልዩነቱ የጊዜ ማህተም ነው። ማስተካከያው በርቶ ፊርማ ሲያርፍ ፕሮግራሙ የሰነዱን ሃሽ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ አጭር ኮድ) ወደ ሰዓት መስጫ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ ሰዓቱን በራሱ ፊርማ አረጋግጦ ይመልሳል። ሃሹ በሻ-256 ስሌት 32 ባይት ብቻ ስለሆነ የስልክ ሆትስፖት እንኳ ይበቃዋል፤ ሰነዱ ራሱ ከቢሮ አይወጣም። ይህ ካለ፣ ሰርተፊኬቱ ካለፈበት በኋላም ፊርማው በጊዜው መፈረሙ ይረጋገጣል። ከሌለ ግን የሚቀረው የፈራሚው ኮምፒውተር ሰዓት ነው። እሱን ማንም ወደ ኋላ ሊመልሰው ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም።

ጎንደር ላይ ኔት መቆራረጡ ብርቅ አይደለም። ፕሮግራሙ ሰርቨሩን ሲያጣ «የጊዜ ማህተም አላገኘሁም፣ ልቀጥል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? አይጠይቅም። በኮምፒውተሩ ሰዓት ፈርሞ ያንኑ ሳጥን፣ ያንኑ ስምና ቀን ያወጣል። ሻጮች «ያለ ኢንተርኔትም ይፈርማል» የሚሉት ይህንን ነው። ይፈርማል እኮ፤ ከዓመት በኋላ ማን ያረጋግጠው? የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ን መጥቀስም ይወዳሉ። አዋጁ ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና መስጠቱ እውነት ነው። የጎደለውን የጊዜ ማህተም ግን አዋጅ አይሞላውም።

አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነገሩ ይብሳል። ሳንቲም የምታክለው የማዘርቦርድ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ከደከመች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ የተፈረመ ሰነድ ሰርተፊኬቱ ከመሰጠቱ በፊት የተፈረመ ይመስላል። ባትሪዋን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጠዋት ከመፈረም በፊት ደግሞ የስክሪኑን ቀን ማየት።

መፍትሔው ማስተካከያው ውስጥ ተደብቋል። የጊዜ ማህተም ሰርቨሩን አድራሻ አስገብቶ ነባሪ (ሁልጊዜ በራሱ የሚመረጥ) ማድረግ፣ ከዚያም የረጅም ጊዜ ማረጋገጫ የሚለውን፣ ሰርተፊኬቱ ሲፈረም የጸና እንደነበር የሚያሳየውን መረጃ ሰነዱ ውስጥ የሚያስቀምጠውን፣ ማብራት። ሁለቱም ሲገዛ ጠፍተው ነው የሚመጡት! ከተፈረመ በኋላ ሰነዱን በፒዲኤፍ ማንበቢያው አክሮባት ሪደር ከፍቶ የፊርማ ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል። ሰዓቱ ከፈራሚው ኮምፒውተር የተወሰደ ነው የሚል መስመር ካለ፣ ኔት እስኪመለስ ጠብቆ ካልተፈረመው ቅጂ እንደገና መፈረም ነው። የተፈረመውን ፒዲኤፍ እንደገና «ፕሪንት» ብሎ ፒዲኤፍ ማድረግ ፊርማውን ያጠፋዋል፤ በቴሌግራም በፎቶ መላክም እንዲሁ፤ በፋይል ይላክ። የክብ ማህተም ምስል ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ለዓይን እንጂ ለማረጋገጫው ምንም አይጨምርም።

የቀረው ሥራው ደህና ነው። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በዚያው ቀን ፈርሞ ይመልሳል፤ ውል በፖስታ አሽጎ ለአውቶቡስ ረዳት መስጠት ቀርቷል። ለዚህ ሲባል ፕሮግራሙን አልጥለውም። ከላይ ያሉትን ሁለት ማብሪያዎች መጀመሪያ ቀን የማያሳይ ሻጭ ግን ዕቃውን አስረከበ አልልም።

ቢጫ የወጣባቸው ውሎች በዘዴ አይድኑም። የጊዜ ማህተም የሚጨመርላቸው ሰርተፊኬቱ ሳያልፍበት ነበር። አሁን እንደገና መፈረም አለባቸው፤ ጭነቱ ከተራገፈና ሒሳቡ ከተዘጋ ወራት ያለፈውን ደንበኛ ደውሎ ፊርማ መለመን ነው።