ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ለማውጣት፦ ኤክሴል፣ ሬቪት ወይስ ኮስትኤክስ?

ጎንደር ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ፕላኑ እንዳለቀ የሚጠይቀው ያው ነው፦ «ስንት ይፈጃል?» ግምት የምናወጣው ሰዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘናል። በኤክሴል እንቀጥል ወይስ ወደ ቢም ሞዴል (ልኩን ሁሉ የያዘ የሕንፃ ኮምፒውተር ሞዴል) እንግባ? (ጉድ እኮ ነው፤ አግዳሚው ኮንክሪትም ቢም፣ ሞዴሉም ቢም።)

ኤክሴል ርካሽ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ፕላን መሳያው አውቶካድ ላይ እየለኩ ቴክኦፍ ሺት (የልኬት መመዝገቢያ) መሙላት ለአንድ ቪላ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ባለቤቱ ሐሳቡን ሲቀይር ነው። 6 በ3 ሜትር ግድግዳ ላይ 1.5 በ1.2 የነበረው መስኮት 2.4 በ1.2 ይሁን ቢል፣ ግድግዳው ከ16.2 ካሬ ወደ 15.12 ይወርዳል። ብሎኬቱ፣ ልስኑ፣ ቀለሙ፣ መስታወቱ ሁሉ በየመስመሩ መታረም አለበት። አንዱ መረሳቱ አይቀርም።

ቢም ሞዴል በሚሠራበት ሬቪት ላይ መስኮቱን አንዴ ከቀየሩ ሠንጠረዡ ራሱ ይስተካከላል። ለጂ ፕላስ 3 እና ከዚያ በላይ ምርጫዬ እሱ ነው። ግን ሞዴሉ የሚቆጥረው የተሳለውን እንጂ የሚሠራውን አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ግድግዳውን ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር አድርጌ ሳልኩት። ቢሙ 40 ሳንቲ ስለሆነ ብሎኬቱ 2.6 ላይ ያበቃል። በ10 ሜትር ግድግዳ 4 ካሬ ትርፍ መጣ፤ በካሬ 12.5 ሲሰላ 50 ብሎኬት! ፎርማኑ ነው የነቃብኝ፦ «ኢንጂነር፣ ይሄን ሁሉ ብሎኬት የት ልንከምረው ነው?»

ፌሮውን ካልሳሉት ባር ስኬጁሉ (የፌሮ ዝርዝሩ) ያው ኤክሴል ላይ ነው። የብክነት መቶኛውንም እናንተ ናችሁ የምትጨምሩት። ቁፋሮ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የጎንደር ቦታ ብዙው ተዳፋት ነው፤ ሰርቬየር ያነሳው ኮንቱር (የመሬቱ ከፍታ መስመር) ካልገባበት ሞዴሉ መሬቱን ሜዳ አድርጎ ይቆፍርላችኋል። የሬቪት ክፍያው ደግሞ በየጊዜው የሚታደስ ነው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። በማክ አይሠራም፤ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴም ኢንተርኔት ማግኘት አለበት።

ኮስትኤክስ የግምት ሶፍትዌር ነው፤ ፒዲኤፍም፣ የካድ ፋይልም፣ ሞዴልም ይቀበላል። መጠኑን ከነጠላ ዋጋው ጋር ያያይዛል፤ በአሮጌውና በአዲሱ ዲዛይን መካከል የተለወጠውንም ለይቶ ያሳያል። ጨረታ የማይለየው ኮንትራክተር ካልሆናችሁ ግን በዛ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሬቪትን ነጻ ሙከራ አውርዱና ሠርታችሁ የጨረሳችሁትን አንድ ቤት ሳሉበት። የሚሰጣችሁን ቁጥር ሳይት ላይ በትክክል ከገባው ብሎኬትና ሲሚንቶ ጋር አስተያዩት።