ፔዳል ሲሰምጥ፦ የፍሬን ፖምፓ ጎሚኒ ወይስ ሙሉ ፖምፓ?

ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሚኒባስ የምታወርዱ፣ የረገጣችሁት ፔዳል ቀስ እያለ ከሰመጠና ውጭ የሚፈስ ዘይት ከሌለ፣ መጀመሪያ የፖምፓውን (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ዕቃ) ጎሚኒ፣ ማለትም ውስጡ ያለውን የላስቲክ ማሸጊያ ጠርጥሩ።

ወጪ፦ ጎሚኒ ርካሽ ነው፤ ሙሉ ፖምፓ ኪስ ይጎዳል።

ሥራ፦ ጎሚኒ መፍታትና ማጠብ አለው፤ ፖምፓ ቶሎ ይገጠማል። በሁለቱም ከፍሬን መስመሩ አየሩን ማስወጣት ግድ ነው።

ስጋት፦ ዋናው ይሄ ነው። የፖምፓውን ውስጥ በባትሪ እያበራችሁ እዩት። ጭረት ወይም ዝገት ካለ አዲሱንም ጎሚኒ ይበላዋል። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ በፍሬን ዘይት ብቻ እጠቡት!

ውስጡ እንደ መስታወት ከጠራ ጎሚኒ ይበቃል። ከተጫረ፣ ወይም መኪናው በየቀኑ ደብረ ሲናን የሚወርድ ከሆነ፣ እኔ ሙሉውን እቀይራለሁ። ተሳፋሪ ጭኖ ፍሬን አይሞከርም።