ሲግዊን፦ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ በኪስ የሚዞር ሊኑክስ

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ሲግዊን ዊንዶውስ ላይ የሊኑክስ ትእዛዞችን የሚያሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበት ባሽ አለው፣ ጽሑፍ ውስጥ የሚፈልግ ግሬፕ አለው፣ ፋይል ኮፒ የሚያደርግ አርሲንክ አለው። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው። የትኛው የዊንዶውስ ፎልደር በየትኛው የሊኑክስ አድራሻ እንደሚታይ፣ ማለትም የማውንት ዝርዝሩ፣ የት ነው የሚቀመጠው? በሲግዊን 1.5 ዘመን ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ማስተካከያዎቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ ነበር። ሬጂስትሪ ደግሞ የዊንዶውሱ ንብረት ነው፤ እሱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ያኔ ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ላፕቶፔን ቫይረስ ይጸዳልኝ ብዬ ሰጠሁ። ልጁ «ፎርማት አድርጌዋለሁ ወንድሜ፣ ዲ ድራይቭህን ግን አልነካሁትም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሲግዊኑ ዲ ላይ እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ ግን ሥሩ (የሊኑክስ አድራሻዎች ሁሉ የሚነሱበት ፎልደር) የት እንደሆነ ራሱ ጠፍቶበት ትእዛዝ ስጽፍለት አላውቅም ይለኛል፣ እኔም ማውንቶቹን አንድ በአንድ እያስታወስኩ መልሼ ስጽፍ አመሸሁ።

በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው 1.7 ይሄን ገላገለን። ዝርዝሩ አሁን ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኤፍኤስታብ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በኖትፓድ ይከፈታል፣ ኮፒ ይደረጋል። ሥሩን ደግሞ ማንም አይጽፍለትም፤ ዋናው ዲኤልኤል (የሲግዊን ፕሮግራሞች የሚጋሩት ፋይል) ካለበት ቢን ፎልደር አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣና ቤቴ እዚህ ነው ይላል። ስለዚህ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ጭኜው አራት ኪሎ ባለው ኮምፒውተር ላይ ኢ ድራይቭ ሲሆን፣ ሜክሲኮ ባለው ጂ ሲሆን፣ ምንም ሳልነካ ይነሳል። (የድራይቩን ፊደል ራሳችሁ ኤፍኤስታብ ውስጥ ከጻፋችሁ ግን ያቺ መስመር ትበላሻለች፣ በኔ ደርሷል።)

የሚያናድድም አለው። ማውንት የሚለው ትእዛዝ እንደ ድሮው አያስታውስም፤ ሲግዊኑን ዘግታችሁ ስትመለሱ የለም፣ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ፋይሉ ላይ መጻፍ ግድ ነው። የፎልደሩ ስም ክፍተት ካለው በክፍተቱ ቦታ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስላሽና 040 ይገባል፤ ይቺን እስካውቅ ፀጉሬን ነጭቻለሁ። ሌላው ፐርሚሽን ነው፣ ፋይሉን ማን መክፈት እንደሚችል የሚወስነው ፈቃድ። በሲግዊን የፈጠራችሁት ፋይል ዊንዶውስ ላይ አልከፈትም ካላችሁ፣ ኤፍኤስታብ ውስጥ የሲግድራይቭ (የዊንዶውስ ድራይቮች የሚታዩበት አድራሻ) መስመር ላይ ኖኤሲኤል (የዊንዶውስን ፐርሚሽን ተወው ማለት ነው) ጨምሩና ሁሉንም ዘግታችሁ ክፈቱ፤ ከዚያ በኋላ ለምትፈጥሩት ይሠራል።

ፍጥነቱ? ቀርፋፋ ነው፣ አልዋሽም። በተለይ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራም የሚጠራ ስክሪፕት ላይ። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያሠራ) ምናምን ለሚነካካ ደብሊውኤስኤል (ማይክሮሶፍት ራሱ ዊንዶውስ ውስጥ ያስገባው ሊኑክስ) ይሻለዋል። የአድሚን ፓስወርድ ለማይሰጣችሁ የቢሮ ኮምፒውተር ግን ሲግዊንን የሚያህል አላገኘሁም፣ ያለ አድሚን ይጫናል። ዊንዶውስ 7 ያላችሁ ከሲግዊን 3.4 አትለፉ፣ 3.5 አይቀበላችሁም።

የኔን ኤፍኤስታብ ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬ አስቀምጫታለሁ። ስድስት መስመር ናት።