«በፈተና ክሬዲት አሟልተን ዲግሪ እናስይዛለን» ለሚሉ ደላሎች ከመክፈላችሁ በፊት

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ሥራ ላይ ሆናችሁ በርቀት የምትማሩ ወይም ለመጀመር የምታስቡ ወገኖች፣ ይህን ጽሑፍ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እንድታነቡት እጠይቃለሁ። በአካባቢያችን «ክፍል ሳትገቡ፣ አሳይንመንት ሳትሠሩ፣ በፈተና ብቻ የአሜሪካ ኮሌጅ ክሬዲት አሟልተን በአንድ ዓመት ዲግሪ እናስይዛችኋለን» የሚል አገልግሎት በቴሌግራምና በሰው በሰው እየተሸጠ ነው። የቅድሚያ ክፍያውን ለማሟላት የዓመት ቀለቡን ጤፍ የሸጠ፣ የዕቁብ ዕጣውን ሳይነካ ያስረከበም አለ።

ሰውን የሚያሳስተው፣ ደላሎቹ የሚጠሩት ነገር በእርግጥ ያለ መሆኑ ነው። በአሜሪካ በፈተና ክሬዲት፣ ማለትም ለዲግሪ የሚቆጠር የኮርስ መጠን፣ ማግኘት የቆየ አሠራር ነው። ከሁሉም የታወቀው ክሌፕ የሚባለው፣ ኮሌጅ ቦርድ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ሲሆን በ34 የትምህርት ዓይነቶች ፈተና ይሰጣል። በሥራ ላይ ቆይቶ የሒሳብ አያያዝን ወይም የማኔጅመንትን መሠረታዊ ትምህርት በራሱ ያወቀ ጎልማሳ ኮርሱን እንደገና ከሚማር ይልቅ ተፈትኖ ሊያልፈው ይችላል። እንደ ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ቻርተር ኦክ ስቴት ኮሌጅና ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ለጎልማሶች ታስበው የተቋቋሙ ተቋማት ደግሞ እንዲህ ያለውን ክሬዲት ከሌሎች በሰፋ መጠን በመቀበል ይታወቃሉ።

ደላሎቹ የሚዘሉት ዋና ጉዳይ ግን አለ። ፈተናውን ያዘጋጀው ድርጅት ክሬዲት አይሰጥም፤ የሚሰጠው ውጤት ብቻ ነው። ያንን ውጤት ወደ ክሬዲት የሚለውጠው ተማሪው የተመዘገበበት ኮሌጅ ነው፤ የትኛውን ፈተና እንደሚቀበል፣ ስንት ውጤት እንደሚጠይቅና በየትኛው ኮርስ ፋንታ እንደሚይዘው የሚወስነውም ራሱ ነው። ኮሌጆች የተሰባሰቡበት የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ለአብዛኛው የክሌፕ ፈተና 50 ውጤት እንዲያዝ ሐሳብ ቢያቀርብም፣ ይህ ምክር እንጂ ኮሌጆችን የሚያስገድድ ትእዛዝ አይደለም። ስለዚህ በየትኛውም ኮሌጅ ላልተመዘገበ ሰው «30 ክሬዲት አለህ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ በእጁ የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው።

«ዲግሪውን ሙሉ በሙሉ በፈተና እንጨርሰዋለን» የሚለውም አያስኬድም። የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠይቃል፤ የክሌፕ ፈተናዎች ደግሞ የሚሸፍኑት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚሰጡ የመግቢያ ኮርሶችን ነው። ከፍ ያሉትን የሙያ ኮርሶች በአብዛኛው አይሸፍኑም፤ የማጠቃለያ ኮርስ የሚባለውን ደግሞ እጅግ ለጋስ የሆነው ተቋም እንኳን ራሱ ዘንድ እንድትወስዱለት ይፈልጋል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የክሌፕ ውጤት» ተብሎ የተሰጣትን ወረቀት አሳይታኝ ነበር። ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ከላይ ንስር ያለበት ማኅተም አለው፤ ስሟ በእንግሊዝኛ በትክክል ተጽፏል። ከሥሩ ግን «92 ከ100» ይላል። የክሌፕ ውጤት የሚሰጠው ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ ነው፤ 92 የሚባል ውጤት በዚህ ፈተና የለም። ወረቀቱን ያሳተመው ሰው ስለ ፈተናው ይህን ታህል እንኳን ለማወቅ አልተቸገረም። እሷ እንደነገረችኝ የተፈተኑት በኪራይ አዳራሽ ውስጥ፣ በስቴፕለር በተያያዘ ፎቶ ኮፒ ላይ በእስክሪብቶ እያከበቡ ነበር። ትክክለኛው ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ አብዛኛው 90 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ተፈታኙ ማንነቱን አረጋግጦ በተፈቀደ ማእከል የሚቀመጥበት ነው፤ በቤት ሆኖ የሚወሰደውም ቢሆን በካሜራ የሚከታተል ተቆጣጣሪ አለው። የድርሰት ክፍል ካለው ፈተና በስተቀር ውጤቱ እዚያው ይታወቃልና «ውጤታችሁ ከአሜሪካ እስኪመጣ» ተብሎ ለወራት መጠበቅም የለም።

ደረሰኙም ሌላ ጉድ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለበትም፤ የክፍያው ምክንያት «የምክር አገልግሎት» ብቻ ተብሎ ተሞልቷል። ነገ ብትከሱ «ምክር ሰጥተናል» ለማለት የተዘጋጀ ቃል ነው። የአንዱ የክሌፕ ፈተና ክፍያ 100 ዶላር እንኳን የማይሞላ፣ በቀጥታ ለኮሌጅ ቦርድ የሚከፈል ሲሆን፣ የፈተና ማእከሉ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ሊጨምርበት ይችላል። «ሞጁል» ብለው በውድ የሚሸጡትን የመሰለ የዝግጅት ትምህርት ደግሞ ሞደርን ስቴትስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በኢንተርኔት በነፃ ያቀርበዋል።

ሰው ለምን ይታለላል ብሎ መፍረድ ይቀላል። ነገር ግን በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቲቶሪያልና ፈተና ሲያመልጥ እንደኖረ እናውቃለን። በዲፕሎማ ለዓመታት ሲያገለግል የቆየ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ አቋራጭ ሲሰማ ጆሮውን ቢሰጥ አይደንቅም። ደላላውም የሚያነጣጥረው እሱን ነው።

አሁን አሁን ደግሞ «ዲግሪው የሚወጣው በአገር ውስጥ ኮሌጅ ስም ስለሆነ ችግር የለውም» የሚል አዲስ ማባበያ ተጨምሯል። ይህ ከፊተኛው የባሰ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ፣ በርቀት የተማረውም ጭምር፣ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት፤ ከዚህ የሚያስመልጥ የአሜሪካ ክሬዲት የለም። ከውጭ አገር የተገኘ ማስረጃም ቢሆን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል። ለአገር ውስጥ ኮሌጆችም ባለሥልጣኑ የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት መስኩ፣ በካምፓሱና በአሰጣጡ ለየብቻ ነው፤ በመደበኛ የተፈቀደለት ኮሌጅ በርቀትም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ሐሰተኛ ማስረጃ ይዞ የተገኘ ሰው ሥራውን ከማጣቱ በተጨማሪ በወንጀል ሕጉ የሚጠየቅ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ደላላው ስልኩን እንደሚያጠፋም አስቡ።

በእውነት በፈተና ክሬዲት ማግኘት የምትፈልጉ፣ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ ኮሌጁን ምረጡ፤ የትኞቹን ፈተናዎች በስንት ውጤት እንደሚቀበል ከሬጅስትራሩ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዲግሪው ለምትፈልጉት ሥራ በአገር ውስጥ አቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ባለሥልጣኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በስማችሁ በከፈታችሁት አካውንት ለፈተና ተመዝገቡ። «አካውንቱን እኛ እንከፍትልሃለን፣ የይለፍ ቃሉ እኛ ጋ ይቆይ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በዚያው ተሰናበቱት።

የመጀመሪያውን ዙር የከፈላችሁ ካላችሁ ሁለተኛውን አትክፈሉ፤ «ካላሟላችሁ የፊተኛው ይቃጠላል» ቢሏችሁም እንኳን። የባንክ ማስተላለፊያውን፣ ደረሰኙንና የቴሌግራም መልእክቱን አታጥፉ፤ የተሰጣችሁንም የውጤት ወረቀት ቅጂ ሳታስቀሩ ለማንም አትመልሱ፤ ለፖሊስና ለከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። በአንድ ደላላ የተያዛችሁ ብዙ ከሆናችሁ ማመልከቻውን በጋራ ፈርማችሁ አስገቡ።