የስክራች 3 ፔን ለፎቶ ይሆናል? በፒክሰል ለሚስሉ የተጻፈ ግምገማ

ብሎክ በመገጣጠም ፕሮግራም በሚሠራበት ስክራች 3 ላይ በኤክስቴንሽን (በተጨማሪ የብሎክ ስብስብ) የሚጨመረው ፔን ዋና ሥራው መስመር ማስመር ነው። ፎቶም አሳምሮ ይስላል፤ ለዚህ ግን የፒክሰሎቹ ቀለም በትክክል ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። የሚበላሸው ሥራ አብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው።

ስክራች የምስልን ፒክሰል የሚያነብ ብሎክ ስለሌለው ልወጣው ከውጭ ያልቃል። ፓይተን ምስል ከሚያነበው ላይብረሪው ከፒሎው ጋር በቂ ነው። ምስሉን ወደ ስቴጁ (የስክራች መሳያ መድረክ) መጠን፣ ወደ 480 በ360 ቀይሩት፤ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ቀይ × 65536 + አረንጓዴ × 256 + ሰማያዊ አስሉ፤ ውጤቱን በየመስመሩ አንድ ቁጥር አድርጋችሁ በጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። ከዚያ ስቴጁ ላይ የሚታየውን ሊስት (ቁጥሮቹ የሚደረደሩበትን ዝርዝር) በቀኝ ክሊክ ነክቶ ኢምፖርት ማድረግ ነው።

ሦስቱን ቀለም በአንድ ቁጥር ማሸግ የሚጠቅመው አንድ ሊስት ከ200,000 በላይ ስለማይዝ ነው። ሙሉው ስቴጅ 172,800 ፒክሰል ስለሆነ ይገባል። ሦስቱን ቀለም በአንድ ሊስት ለየብቻ ብትደረድሩ ግን 518,400 ይደርሳል።

ቁጥሩን የቀለም ናሙና የሚታይበት የፔን ብሎክ ላይ ጣሉት። ከ0 እስከ 100 የሚቀበለው ጎረቤቱ ለዚህ አይሆንም፤ ትልቁን ቁጥር ያጥፈውና ፎቶው ዝንጉርጉር ይሆናል። በሄክስ (በሃሽ በሚጀምር ባለ ስድስት ፊደል የቀለም ኮድ) መጻፍም ይቻላል፤ የሃሽ ምልክቷ ከቀረች ግን 808080 ግራጫ መሆኑ ይቀርና እንደ ተራ ቁጥር ተነቦ ደብዛዛ ሰማያዊ ይወጣል።

ከሁሉ የሚያደናግረው የአስርዮሽ ነጥብ ነው። የአንድ ግራጫ ፒክሰል ሦስቱም ቀለም በስሌት 127.5 ሆኑ እንበል። ሳይጠጋጋ ቀመሩ ውስጥ ሲገባ 8388607.5 ይመጣል። ይህ ሲፈታ ቀይ 127፣ አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 255 ነው፤ ግራጫው ወደ ደማቅ ውሃ ሰማያዊ ተለወጠ ማለት ነው። የቀይ ግማሽ ወደ አረንጓዴ፣ የአረንጓዴ ግማሽ ወደ ሰማያዊ ስለሚፈስ ነው። ከማባዛት በፊት ወደ 128 ብታጠጉት 8421504 ይሆናል፤ ትክክለኛው ግራጫም ይኸው ነው።

የሰው ፊት ሰማያዊ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ፈትሹ፤ ሌላው የምስል ላይብረሪ ኦፕንሲቪ ከሰማያዊ ነው የሚጀምረው። ብርሃን አሳላፊ ፒኤንጂ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሦስት ቀለም ከተለወጠ ከበስተጀርባው የተደበቀው ቀለም፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር፣ ይወጣል። አስቀድሞ ነጭ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል።

አሳሳሉ ቀላል ነው። የምስል ረድፍ ከላይ ወደ ታች ስለሚቆጠር ዋይን ከ180 ጀምራችሁ በየረድፉ አንድ ቀንሱ፤ ኤክስ ከ−240 ይነሳል። ሉፑን ስክሪን ሳያድስ በሚሮጥ የራሳችሁ ብሎክ ውስጥ አድርጉት። ያኔም በየ500 ሚሊሰከንዱ ስለሚያቋርጥ ፎቶው በክፍል በክፍል ብቅ ይላል፤ ስህተት አይደለም። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ጎረቤት ፒክሰሎች በአንድ አግድም መስመር መሳል ሥራውን በጣም ያቀለዋል፤ ለአርማና ለካርቱን ፍቱን ነው፣ ለፎቶ ግን ብዙም አይረዳም።

ቀለም እንዴት በቁጥር እንደሚቀመጥ ለሚማር ሰው ይህ ፔን ግሩም መሣሪያ ነው፤ ስህተቱ ሁሉ በዓይን ይታያል። ተንቀሳቃሽ ምስል ለማሳየት ግን ይዘገያል። ለዚያ የስክራች ፕሮጀክት የሚያፈጥነው ቱርቦዋርፕ ይሻላል፦ ያንኑ ፕሮጀክት ወደ ጃቫስክሪፕት ለውጦ ስለሚያሄደው ፍጥነቱ አይገናኝም፣ ከ200,000 በላይ የሆነ ሊስትም ይይዛል። ፕሮጀክቱ ተመልሶ ስክራች ላይ የሚጫን ከሆነ ግን ከሊስቱ ገደብ አትለፉ።