ለሽማግሌ ወገብ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ፊዚዮቴራፒ

ዕድሜዬ ወደ 70 እየተጠጋ ነው። ጉልበቴን የጨረስኩት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ሳነሳ ነው። ወገቤ ድሮም ያመኛል፤ ዘንድሮ ግን ባሰበት። ወንበር ላይ መስገድ ስጀምር ልጆቼ ዝም አላሉም።

አሜሪካ ያለው ልጄ "አባዬ፣ እዚህ ካይሮፕራክተር የሚባሉ አሉ፤ አከርካሪን በእጃቸው ያስተካክላሉ" ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ። ሰውዬው የአንዱን አንገት ይዞ ጠምዘዝ ሲያደርገው ቋ ይላል። ሙያውን እዚያው አሜሪካ በ1895 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፓልመር የሚባል ሰው ነው። ሰፈራችን ደግሞ ሰው ሁሉ "ወጌሻ ጋ ሂድ" ይለኛል። እኔ ከሳቢያን ባጃጅ ይዤ ከዚራ ሄድኩ፤ ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ገባሁ፤ በእንቅስቃሴና በእሽት የሚያክሙበት ነው።

ከሁሉም የወደድኩት፣ የምታክመኝ ልጅ እጇን ሳታሳርፍብኝ በፊት መጠየቋን ነው። "አባባ፣ በቅርቡ ወድቀው ያውቃሉ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? ሽንት መቆጣጠር አቅቶዎት ያውቃል? ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም አለ? ክብደት ቀንሰዋል?" የምውጣቸውን ኪኒኖች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሐኪም እንዲያየኝና ራጅ እንድነሳ ላከችኝ። አጥንቴ ሳስቷል።

ቪዲዮውን አሳየኋትና "እንዲህ አድርጊልኝ" አልኳት። እምቢ አለች። የሳሳ አጥንት በድንገት ከተጫኑት ሊሰበር ይችላል አለችኝ። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ ደግሞ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ተሰንጥቆ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ጠንቃቃ ካይሮፕራክተርም ለሽማግሌ እጁን ያለሰልሳል አለች። ብር ይዞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። አከበርኳት።

ሕክምናው ራሱ ምንም ቋ የለውም። ወገብ ላይ ትኩስ ነገር ታደርጋለች፣ ቀስ እያለች ታሻለች፣ መገጣጠሚያውን ታላውሳለች። ትልቁ ሥራ እንቅስቃሴው ነው፦ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም። የመጨረሻው እንዳንወድቅ ነው፤ በእኛ ዕድሜ አንዴ መውደቅ ዳሌ ሊሰብር ይችላል። ጎረቤቴ የሰጠኝን የወገብ ቀበቶም አስወለቀችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ያወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን፣ ማሳጅንና አከርካሪን በእጅ ማከምን ይደግፋል፤ ቀበቶን ግን አይመክርም። በእጅ ለሚደረገው ሕክምና ያለው ማስረጃ ገና ጠንካራ አለመሆኑንም አይደብቅም።

ለውጡን ልንገራችሁ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም። ግን ወላሂ፣ ለሱጁድ ግንባሬ እንደገና መሬት ይነካል። እስከ አስፋልቱ ሳላርፍ እሄዳለሁ። ማስታገሻውንም በጣም ቀንሻለሁ። እንቅስቃሴውን ቤት ያልሠራሁበት ሳምንት ወገቤ ወዲያው ይነግረኛል፤ ስለዚህ አልጋ ላይ ተኝቶ መታሸት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ቦታ አይሆነውም።

ሌላም ደስ ያለኝ ነገር አለ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አማርኛ አይሰሙም ነበር። የክሊኒኩ ልጆች በሶማሊኛ አስረዷቸው፤ ሌላውን በኦሮምኛ። አቦ፣ ድሬ እንዲህ ነው የሚያምርባት!

አሁን ቅሬታዬ። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም። ወገቡን ለታመመ ሽማግሌ ይሄ ከባድ ነው። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ የቀትሩን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ዋጋውም በጡረታ ለሚኖር ይከብዳል፤ እኔ ልጆቼ ባያግዙኝ አልቀጥልም ነበር።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ፤ ፀሐዩም ሰልፉም አይበረታም። ኪኒኖቻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የቆየ ራጅ ካላችሁም ጨምሩበት። እግር ድንገት ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካመለጠ ግን እዚያ ወረፋ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ለክሊኒኩ ደግሞ አንድ ነገር ልለምን፦ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ፈልጉልን፤ እስከዚያው ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት አስበይዱ።