ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለችው የላፕቶፕ ቤት፦ ቡናው ደህና፣ በርጩማው ወገብ ገዳይ

ስሟን አልጠራም ምክንያቱም ትንሽ ልወቅሳት ነው፣ ፈረንጅ አራዳ የምትውሉ ግን ታውቋታላችሁ፣ ምድሩ ቡና ቤት ነው፣ ፎቁ ላይ በሰዓት እየተከፈለ ላፕቶፕ ይዘው የሚቀመጡበት ክፍል አለ። ሁለት ወር ገደማ ተመላልሻለሁ።

ዋይፋዩ ጠዋት ይሮጣል፣ ከሰዓት ተማሪው ከክላስ ሲወጣ በቃ ይሞታል። መብራት ሲሄድ ጀነሬተር አለ ይላሉ ግን "ትንሽ እንጠብቅ ይመጣል" እያሉ ነዳጅ ይቆጥባሉ። ቡናው ጥሩ ነው፣ ጅማ ላይ መጥፎ ቡና ሸጦ ማን ይኖራል። በርጩማው ነው ያስመረረኝ! ለማሳመር ብለው ባለ ሶስት እግሩን የጅማ በርጩማ ደርድረዋል፣ ለፎቶ ያምራል፣ ግን እሱ ቡና ሊጠጡበት የተጠረበ ነገር ነው፣ አራት ሰዓት ኮድ የሚፅፍ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው።

ታዲያ ለምን ትሄዳለህ ካላችሁኝ ለሰዉ ነው። አንድ ቀን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመጡ ሁለት የኢንጂነሪንግ ልጆች የቡና እርጥበት የሚለካ ነገር ሰርተው ጠረጴዛው ላይ ሽቦ ይነካካሉ፣ አጠገባቸው ስልክ ሲያወሩ የነበሩ አንድ ቡና አቅራቢ ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "ልጆች ይሄ ምን ይሰራል?" አሉ። ነገሯቸው። ሳቁ። ከኪሳቸው ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) አውጥተው ጆሯቸው ጋ አንቀጫቀጩና "እኔ መድረቁን እንዲህ ነው የማውቀው፣ የናንተውስ ስንት ይላል?" ለኩት፣ ቁጥሩ ተዘበራረቀ፣ ለካ የሰሩት ለተቀሸረ ቡና ነው፣ እዚህ ደግሞ ገበሬው በብዛት የሚያደርቀው ከነቅርፊቱ ነው። ጋሼ ማኪያቷቸውን ሳይጨርሱ የልጆቹን ስህተት አሳዩአቸው። በሳምንቱ ልጆቹ የመለኪያቸውን አዲስ ሳጥን እዚሁ ጅማ መርካቶ በያጅ ጋ አሰርተውት መጡ።

ይሄን ያስታወሰኝ ሰሞኑን እዛው ቤት የከተማ ፕላን የሚማሩ ልጆች ለመመረቂያ የኢኖቬሽን ዲስትሪክት (ተመራማሪውና አዲስ ነገር የሚሰራው ሰው አንድ ላይ የሚውልበት ሰፈር) ፕላን ሲሰሩ ስላየሁ ነው፣ የጅማን ካርታ ዘርግተው ከከተማ ወጣ ያለ ባዶ ሜዳ ላይ አጥር፣ ትልቅ በር፣ መስታወት በመስታወት ህንፃ። ጣልቃ ገባሁ፣ አመሌ ነው። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ያለው ሪሰርች ትሪያንግል ፓርክ በ1959 እ.ኤ.አ. ሲጀመር እንደዛ ነበር፣ ከከተማ ውጪ ዛፍ መሀል፣ ተመራማሪው በመኪና ገብቶ በመኪና የሚወጣበት፣ አሁን እነሱም መሀሉ ላይ ቤትና ምግብ ቤት ያለበት ሰፈር እየጨመሩ ነው። የስፔኗ ባርሴሎና ግን የራሷን በ2000 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ያረጀ የፋብሪካ ሰፈር ላይ ነው፣ 200 ሄክታር ገደማ፣ የድሮ መንገዱን እንዳለ ይዛ። የኛ ጅማ ዩኒቨርሲቲስ በ1992 ዓ.ም የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ከተመሰረተ ጀምሮ ተማሪውን ህብረተሰቡ ውስጥ እየላከ የሚያስተምር አይደል እንዴ፣ ኢኖቬሽኑን አጥር ውስጥ ምን ከተተው? ግቢውንና መርካቶን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ማታ የሚበራ የእግር መንገድ፣ ልጆቹና በያጁ አብረው የሚሰሩበት ወርክሾፕ፣ ከሱቆቹ በላይ ርካሽ ክፍል ቢኖር ይበቃ ነበር አልኩ።

አንዷ ልጅ ቀና ብላ "እሺ ኪራይ ሲወደድ በያጁ የት ይሄዳል?" አለችኝ። ባርሴሎናም ይሄው ነው ያጨቃጨቃቸው፣ የሚለማው መሬት 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ ለህዝብ አገልግሎትና ለርካሽ ቤት ይሰጥ የሚል ህግ እያላቸው እንኳን ኪራዩ ናረ። እኔ ምን ልበላት፣ ቡና አዘዝኩላቸው።

ከ5 ውስጥ 3.5 ሰጥቻለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ባትሪ ሞልታችሁ ግቡ፣ ትራስ ብትይዙም አያሳፍርም። መስኮቱ ጋ ያለው ሶኬት አይሰራም፣ ሶስቴ ተናግሬያለሁ።